የውሰት አክታ

የቻሚል እጆች እስከ አንጓቸው ድረስ በዱቄት ሙጫ ተለውሰው ነበር። ጋዜጣውን በጠባቡ ይቀደዋል፣ ሙጫው ውስጥ ይነክረዋል፣ በሁለት ጣቱ መሐል ስቦ ትርፉን ያራግፈዋል። ከዚያ በመስኮቱና በክፈፉ መሐል ባለችው ስንጥቅ ላይ ይለጥፍና በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ይዳብሰዋል፤ ሕፃን የሚያስገሳ ነው የሚመስለው። የወጥ ቤቱን ጨርሶ የመኝታ ቤቱ ላይ ደርሷል። መስታወቱ ገና አዲስ ነው። መስታወት ለሰፈሩ እስኪታደል ድረስ እሱና ሚስቱ ዚባ የበረዶውን ወራት ሁሉ ያሳለፉት በእርዳታ በተሰጠ ላስቲክ ሥር ነበር፤ ነፋስ ሲነሳ ያ ላስቲክ እንደ ደነገጠች ዶሮ ሲያራግብ ይውላል።

ዚባ የሙጫውን ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከሥሩ ቆማለች።

"እዚያች ጥግ ላይ ረስተሃል።"

"የቷ ጋ?"

"እዚያ። ጉንጬ ላይ ሽው አለብኝ እኮ።"

"ዚባ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ በሩ ተዘግቷል። በየት በኩል ነው ሽው የሚልብሽ?"

"እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? ነፋሱን ጠይቀው።"

ቤሊ ፖቶክ በምትባለው በዚያች የቦስኒያ ከተማ ሰው በሁለት ቀዳዳ መሐል የሚያልፍ ነፋስን የሚፈራውን ያህል የሚፈራው ነገር የለም። አንገት ቢደነድን ነፋስ ነው፣ ጥርስ ቢያምም ነፋስ ነው፣ ሙሽራ ብታኮርፍ እንኳ ነፋስ ሳይመታት አልቀረም ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ የላይኛው ሰፈር ሰው በሙሉ በጎረቤታቸው በስቲፖ ምድር ቤት ተጠጋግቶ ይከርም ነበር። ከላይ መድፍ እየወረደ፣ ከታች የሚደረገው ጠብ ግን ስለ መድፉ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ስላለችው፣ የአንድ ጡብ ስፋት ስላላት አየር ማስገቢያ ነበር። ግማሹ ትከፈት አለ፣ ግማሹ ትዘጋ አለ። ክርክሩን የጨረሰችው ዚባ ናት። ከቻሚል እግር ላይ ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ገፍፋ ቀዳዳዋ ውስጥ ወተፈችው። ሰላም እስኪወርድ ድረስ ካልሲው ከዚያ አልተነቀለም፤ ሰዉም ሁሉ አመሰገናት።

ቻሚል ከፀደይ ጀምሮ ያስለዋል። ዚባ ነፋስ ነው ትላለች፣ እሱም አዎ ነፋስ ነው ይላል፤ በሆዱ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ሙያው ቆርቆሮ ሠሪ ነው። የምድጃ ቧንቧ ይገጥማል፣ የጣሪያ አሸንዳ ያበጃል፣ የሰውን ሁሉ ጭስ ማውጫ ይጠርጋል። አምና ወንድሙ ራሲም ሞቶበታል። የሞተበትን በሽታ በዚያ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ያኛው" ይሉና በትከሻቸው በኩል ወደ ኋላ ዞር ብለው ያያሉ። ካንሰር የሚለውን ቃል አፍ ላይ ማዋል ቤት እንደ መጥራት ነው የሚቆጠረው። ከጦርነቱ ወዲህ በዚያች አንዲት መንገድ ላይ ብቻ ያኛው ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሴቶቹ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ባቄላ እየፈለፈሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

"ከጦርነቱ በፊት ያኛው እንዲህ ነበር እንዴ?"

"ኧረ አልነበረም።"

"ነበር እንጂ! በጦርነቱ ጊዜ ተራ አልደርስ ብሎት ነው።"

ቻሚልም ተራው እንደ ደረሰው ለራሱ ወስኖ ጨርሷል። ሐኪም አላየውም፤ ራሱን በራሱ መርምሮ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ይግባኝም አልጠየቀም። ያሰበው ነገር ቢኖር ሥርዓት ባለው መንገድ መሞት ነው። መጀመሪያ የሰፈሩን የጭስ ማውጫ ሁሉ ጠረገ። ቀጥሎ እንጨቱን ፈልጦ ደረደረ። አሁን ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ዚባን ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱን እያሸገ ነው። ለማንም ያልነገረው ሌላም ነገር አለ። ከድልድዩ በታች ወዳለው ወደ ድንጋይ ጠራቢው ሙሃረም ሄዶ የመቃብር ድንጋይ አዝዟል። የሙሃረም ምድጃ ጭሱን ወደ ቤት ስለሚመልስ፣ ቻሚል ክርን የሚባለውን የታጠፈ የቧንቧ መጋጠሚያ ሊሠራለት፣ ሙሃረም ደግሞ ድንጋዩን ሊጠርብለት ተስማምተዋል። ለዚባ "የሙሃረምን ቧንቧ ለማየት ሄጄ ነበር" አላት። ያው ውሸት አይደለም።

የመጨረሻዋን ጋዜጣ ሊለጥፍ ሲንጠራራ ሳሉ ያዘው። እጥፍ ብሎ ሲያስል ክርኑ ሳህኑን መታው፣ ሙጫው በሙሉ ዚባ ላይ ፈሰሰ።

"ደርሼላችኋለሁ መሰለኝ" አለ ድምፅ ከበሩ በኩል።

ሲስተር ሚርሳዳ ነበረች፤ የሳንባ ክሊኒኳ ነርስ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ ስትታገል ቆማለች።

"አጎቴ ቻሚል፣ ይህ ሳል ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?"

"የትኛው ሳል?"

"አሁን ሙጫውን ያስደፋዎት።"

"እሱማ ዱቄቱ ጉሮሮዬ ገብቶ ነው።"

"ከፀደይ ጀምሮ ነው" አለች ዚባ፣ ሙጫውን ከቀሚሷ ላይ እየጠረገች። "ነፋስ ነው፣ ልጄ። በር ከፍቶ ነው የሚሠራው።"

"አክስቴ ዚባ፣ በየቤቱ የምንዞረው ለዚሁ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አብረው ምድር ቤት የከረሙ ሰዎች ላይ ቲቢ እያገኘን ነው። አየር በማይገባበት ቤት አንዱ ያስላል፣ ሌላው ይተነፍሰዋል። እናንተ የነበራችሁበት አየር ማስገቢያ አልነበረውም?"

ዚባ ወለሉን አየች።

"ነበረው" አለች ቀስ ብላ። "ትንሽ… ተሸፍኖ ነበር።"

ሲስተር ሚርሳዳ ከቦርሳዋ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣችና ለቻሚል ሰጠችው። ነገ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ ከደረቱ ሥር አስሎ አክታ እንዲያመጣ፣ እስከ መስመሯ ድረስ እንዲሞላና ክሊኒክ እንዲያደርስ ነገረችው። ቻሚል ዕቃዋን እንደ ትኩስ ድንች ካንዱ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ ተቀበላት።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደታዘዘው አደረገ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ዕቃዋን አያት። የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ቢሆንም ያኛው ራሱ ከዕቃዋ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ያየው መሰለው። ወረቀት ላይ ተጽፎ ከመጣማ ዚባ ታውቃለች፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ያውቃሉ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ይጀምራል። ተነስቶ ዕቃዋን ከፕለም ዛፉ ሥር ደፋት፤ በጓሮው ቧንቧ አጥቦ፣ አራግፎ፣ አጥሩን ዞሮ ወደ ስቲፖ ሄደ።

ስቲፖ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከከሰል ማዕድኑ ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ሰው ነው። ቻሚል የጠገነውን የብረት ምድጃ በጀርባው አዝሎ ለባለቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። በዚያ ሰፈር ሰው ከሰው ይዋሳል፤ ጨው ይዋሳል፣ መሰላል ይዋሳል፣ እንቁላል ይዋሳል። ከስቲፖ ያልተዋሰ ግን የለም። የእሑድ ኮቱ ከእሱ ይልቅ በሌላ ሰው ላይ ነው የሚታየው። አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለመታወቂያ ፎቶ ለሚነሳ ጎረቤት አውሶ፣ እስኪመለስለት ድረስ ሾርባ ሲጠጣ ሰንብቷል።

"ስቲፖ፣ አንድ ነገር ልዋስህ ፈልጌ ነበር።"

"መሰላሉ ከጎተራው ጀርባ ነው።"

"መሰላል አይደለም።"

"ጨው?"

"አክታ።"

ስቲፖ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካ አድርጎ ትንሽ አሰበ።

"ስንት ትፈልጋለህ?"

ቻሚል ዕቃዋን አሳየው። "እስከዚህች መስመር።"

"ይቺ? ይቺማ ምን አላት! ለምን እንደሆነ ልጠይቅህ?"

"አትጠይቀኝ።"

"አልጠየቅሁም።"

ስቲፖ እግሮቹን አራርቆ ቆመ፣ ቀበቶውን ሳብ አደረገ፣ ብርድ ቀን ላይ እንደሚነሳ ትራክተር ከሥር ጀምሮ አጉረመረመ። ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ተነስተው ሄዱ። ዕቃዋ ከመስመሯ አልፋ ሞላች።

"ልጨምርልህ?"

"በቃ፣ በቃ።"

"አትፈር፣ ሞልቷል። ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ደረቴ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው" ብሎ ደረቱን በቡጢው መታው። ከዚያ ደወሉ ትንሽ አሳለው። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ክሊኒኳ ውስጥ ከውጭ በእርዳታ የመጣ የራጅ ማሽን ሶኬቱ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ብሎ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ካፖርታቸውን ይሰቅሉበታል። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ሲስተር ሚርሳዳ በእጇ የሠራችው ሥዕል አለ፦ አንድ ሰማያዊ መስመር፣ አንድ ቀይ መስመር። ቻሚል ዕቃዋን አስረክቦ ሲያበቃ መነጽሩን አድርጎ ቆመ።

"ሰማያዊው ቲቢ ነው" አለችው። "በጦርነቱ ጊዜ ማን ቆጠረ? ቆጣሪም አልነበረም። ካበቃ በኋላ መፈለግ ስንጀምር ብዙ አገኘን፣ ይኸው እዚህ ጋ ጫፍ ላይ ወጣ። አሁን መድኃኒቱን በትክክል ስለምናስውጥ በየዓመቱ እየወረደ ነው።"

"ቀዩስ?"

"ቀዩ ካንሰር ነው። እሱ እየወጣ ነው። አንዱ ምክንያት ስለምንፈልገው ነው፤ ሌላው ምክንያት ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ነው ያለው" ብላ የትምባሆ ቆርቆሮውን በጣቷ አመለከተችው።

ቻሚል ቀዩን መስመር ከታች ጀምሮ በዓይኑ ተከተለው። እንደ ፍየል ወደ ላይ ይወጣል። "እኔ የትኛዋ ነጥብ ነኝ?" ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ዚባ ቀይ ሽንኩርት እየቀቀለች ነበር። ሲስተር ሚርሳዳ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም አየቻቸው።

"አጎቴ ቻሚል፣ አይደንግጡ። ቲቢ ነው።"

ዚባ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። "እና… ያኛውስ?"

"ያኛውን የሚያመለክት ነገር የለም። የሳሉ ምክንያት ይኸው ተገኘ። በመድኃኒት ይድናል።"

ዚባ ማንኪያዋን ጥላ ነርሷን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳመች፣ ግንባሯን ሳመች፣ ቦርሳዋን ሁሉ ልትስም ምንም አልቀራት። ከዚያ ወደ አጥሩ ሮጠች።

"ሰዎች! ቻሚል ቲቢ ነው! ቲቢ ብቻ ነው!"

ከአግዳሚው ላይ ደስታው ፈነዳ። "እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!" ቲቢን አያቶቻቸው ያውቁታል፤ እንደ ድሮ ዘመድ ነው፣ መጥቶ አስቸግሮ ይሄዳል። ሲስተር ሚርሳዳ "ቀልድ አይደለም፣ እሱም ይገድላል፣ ይተላለፋልም" እያለች ብትጮህ ሰሚ አጣች። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሳህን በሳህን ነገር ይዞ መጣ። ስቲፖም በማር የተነከረ ለውዝ ይዞ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ሁሉ አሳየ።

"አየህ? አልጠየቅሁህም እኮ" አለ በሹክሹክታ። "ግን ደግ ነገር ነው ያወጣልህ።"

ቻሚል ግን የመጣውን ሳህን ሁሉ እየተቀበለ ነገሩን ያሰላ ነበር። ቀስ እያለ እየገባው ነበር። አክታው የስቲፖ ነው። ስለዚህ ቲቢውም የስቲፖ ነው። ዓይኑ ወደ ስቲፖ ወገብ ወረደ። የቀበቶው ጫፍ ከቀዳዳዎቹ ሁሉ አልፎ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል።

"ስቲፖ፣ ከስተሃል።"

"እንደ ሙሽራ ሆኛለሁ!" አለ ስቲፖ፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። "ሌሊት ደግሞ ላብ በላብ ነኝ። ያንን ምድጃዬን እንዴት አድርገህ እንደጠገንክልኝ!"

ቻሚል የነከሰውን ለውዝ ሳህኑ ላይ መለሰው። ቢናገር ስቲፖ ይታከማል። ቢናገር ደግሞ ሌላ ዕቃ ይሰጠዋል፤ የዚያችኛዋን መልስ ራሱ ማየት አለበት። ዚባን አያት። አጥሩ ጋ ቆማ፣ ሙጫው በደረቀበት ቀሚሷ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ያልሰማውን ሳቅ ትስቃለች።

ሲስተር ሚርሳዳ ሁለት ትእዛዝ ሰጥታ ሄዳ ነበር። አንደኛው፣ በየጠዋቱ እየመጣች በዓይኗ እያየች መድኃኒቱን ታስውጠዋለች። ሁለተኛው፣ ቤቱ ነፋስ ይግባበት፣ መስኮት ሁሉ ይከፈት። ይህን ስትሰማ ዚባ ፊቷ እንደ ዱቄቱ ነጣ። ቢሆንም የሽንኩርት ቢላዋዋን አነሳች፤ ባሏ በአውራ ጣቱ የዳበሰውን ጋዜጣ ሁሉ ራሷ ቀደደችው፤ ዓይኗን ጨፍና መስኮቱን በረገደችው። ከዚያ ቻሚልን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ አንገቱን በሻርፕ አሰረችው፣ ጆሮውን የሚሸፍን ቆብ ብታጣ ያንን የምድር ቤቱን የሱፍ ካልሲ አጠለቀችለት። ራሷ ነፋስ እንዳይመታት ትራስ ወገቧ ላይ አስራ ተቀመጠች። እንደዚህ ሆነው እራት በሉ።

በመጀመሪያው ጠዋት ቻሚል በነርሷ ዓይን ሥር እንክብሎቹን ዋጠ። ሽንቱ እንደ ካሮት ሲቀላ፣ ቀድማ የነገረችው ነገር ቢሆንም ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። በሁለተኛው ጠዋት ግን ሙያው ረዳው። ቆርቆሮ ሠሪ ሁለት እጁ ሥራ ስለሚይዘው ምስማሩን አፉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቻሚል ምስማር ከምላሱ ሥር ይዞ ማውራት፣ መሳቅ፣ ሻይ መጠጣት ይችላል። "ይክፈቱ" ስትለው ከፈተ፤ ባዶ ነው። እሷ ስትሄድ ቀዩን እንክብልና ነጫጮቹን ኪኒኖች መዳፉ ላይ ተፋ።

የስቲፖ የለውዝ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጎረቤት የመጣ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ የሚያስነውር ነገር ነው። ዚባ በሥጋና በሩዝ የሞላቻቸውን ሽንኩርቶች ደርድራበታለች። ቻሚል ዞር ብላለት ሳለ ትልቁን ሽንኩርት መርጦ በአውራ ጣቱ ፈልቀቅ አደረገና መድኃኒቱን በሙሉ ሥጋው መሐል ቀበረው። ከዚያ እንደ መስኮት ስንጥቅ አድርጎ ዳበሰው። ስቲፖ ሳያውቅ ይበላል፣ ሳያውቅ ይድናል። ሕክምናው በሚቆይበት ስድስት ወር ሙሉ ዚባን ሽንኩርት እንዴት እንደሚያሠራት ገና አላሰበበትም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ስቲፖ ሳህኑን በአንድ እጁ፣ የላይ ጥርሱን በሌላው እጁ ይዞ መጣ።

"ዚባ! ሽንኩርትሽ ውስጥ ድንጋይ አለ!"

"የእኔ ሽንኩርት ውስጥ?" ዚባ ትራሷን እንደታጠቀች ተነሳች። "አርባ ዓመት ሙሉ ከእጄ ስትበላ ኖረህ…"

"ቀይ ነገርም አለ። እየው!"

ዚባ ሳህኑን አየች። ከዚያ ባሏን አየች። ካልሲው ግንባሩ ላይ ወርዶ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል።

"ቻሚል፣ ይህ መድኃኒትህ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ አይደለም" አለ ቻሚል። ከዚያ መደበቂያ አጣ። "የእሱ ነው። በሽታው የእሱ ነው! አክታው የእሱ ነው፣ ከእሱ ነው የተዋስኩት!"

ስቲፖ ጥርሱን አፉ ውስጥ መልሶ ገጠመ፤ ሊል ያሰበው ያለ ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ስማ ቻሚል። እኔ ለሰው ነገር ሰጥቼ መልስ ብዬ አውቃለሁ? የሰጠሁህን ሰጥቼሃለሁ። ያንተ ነው።"

"መሰላል አይደለም እኮ፣ አንተ ሰው! ቲቢ ነው!"

"ይሁና! ወስደሃል፣ ክሊኒክ በስምህ አስገብተሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ ተብለህበታል፣ ለውዜን በልተህበታል። አሁን መልሼ ልቀበልህ?"

"ከስተሃል! ሌሊት ያልብሃል!"

"ምድጃው ነው!"

"ምድጃውን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እንደዚያ አይሞቅም!"

መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ የተከፈተ ስለሆነ ሰፈሩ አንድም ቃል አላመለጠውም። አግዳሚው ላይ ባቄላ መፈልፈል ቆሟል። ወደ ሌላ በሽተኛ ልትሄድ ዳገቱን ስትወጣ የነበረችው ሲስተር ሚርሳዳም መስኮቱ ሥር ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማስታወሻ ሳይጽፉ እንደተያዙ ተማሪዎች ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ነርሷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ካልሲውን አየች፣ አፏን ዘጋች፣ ጥቂት ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ቀና ስትል ሁለት ዕቃ ይዛለች።

"አንዳንድ ለየራሳችሁ" አለች። "እዚሁ፣ በእኔ ፊት። መዋስ የለም፣ ማዋስ የለም። ነገ ደግሞ የራጅ ማሽን የተጫነበት አውቶቡስ ይመጣል፤ ሁለታችሁም ትነሳላችሁ።"

ዚባ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። "ለምንድን ነው የራስህን ያልሰጠኸው?"

ቻሚል ካልሲውን ከዓይኑ ላይ ገፋ አደረገ።

"ያኛው ቢሆንስ ብዬ ነዋ። እንደ ራሲም።"

ክፍሉ ውስጥ ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጣ። ዚባ አንገቷን እንኳ አልሸፈነችም።

"አንተ ሰውዬ" አለች፣ "እኔ መስኮት የከፈትኩት ለማን ይመስልሃል? መስኮት! እኔ!"

በማግስቱ አውቶቡሱ ገበያው አጠገብ ቆመ። ቻሚል ሸሚዙን አውልቆ ደረቱን ቀዝቃዛው ሳህን ላይ ለጠፈ። "ትንፋሽ ይያዙ" ተባለ፤ ያዘ። ባለሙያው "ይተንፍሱ" ማለቱን ረስቶ ሌላ ሰው ሲጠራ፣ ቻሚል ፊቱ እንደ ፕለም እስኪጠቁር ድረስ ይዞ ቆየ። ዚባ ናት ከውጭ መስኮቱን በቡጢ መትታ ያስለቀቀችው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ባልና ሚስቱ ስለ ምንም አላወሩም፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ፕለም ማርማላታው ብቻ። ሌሊት ዚባ ተነስታ ብርድ ልብሱን ስትስብለት፣ እሱ የተኛ መስሎ ይጠብቃታል።

መልሱን ሐኪሙ ራሱ ነው የነገራቸው። ዕድሜ ሙሉ የሰው ጭስ ሲጠርግ የኖረ፣ በላዩ የራሱን ጭስ ሲጨምርበት የኖረ ሰው ሳንባ ነው። የአየር ቧንቧው ተቆጥቷል። ያኛው የለበትም፤ ቲቢም የለበትም። ትምባሆውን ያቁም፣ በየዓመቱ እየመጣ ይታይ። ዚባ ይህን ስትሰማ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ካፖርት የተሰቀለበትን ማሽን አቅፋ አለቀሰች። ቻሚል የትምባሆ ቆርቆሮውን ለነርሷ አስረከበ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ቆሞ አየ።

"እኔ ሁለቱም ላይ የለሁም ማለት ነው?"

"የሉም" አለችው። "አይቆጩ።"

ስቲፖ ግን ሰማያዊው ላይ አለ። ሁለተኛው አክታውም እንደ መጀመሪያው ተናገረ። መጀመሪያ አኮረፈ፣ ከዚያ ሥዕሉን ወስደው ሲያሳዩት ተጽናና። ሲድን መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል ብለውታል፤ አሁን መስመሩን የሚያወርደው ብቻውን እሱ የሆነ ይመስለዋል። በየጠዋቱ ሲስተር ሚርሳዳ ስትመጣ መድኃኒቱን ይውጥና አፉን ይከፍትላታል፤ ለጥንቃቄ ሲል ጥርሱንም አውልቆ ያሳያታል። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ተመልሷል። ቤቱ ነፋስ እንዲገባው ዚባ ራሷ ሄዳ መስኮቱን ትከፍትለታለች፤ ስትመለስ አንገቷን ሁለት ጊዜ በሻርፕ ትጠመጥማለች።

"ያንን ቀን ባትዋሰኝ ኖሮ ማን ይመረምረኝ ነበር?" ይለዋል ቻሚልን በአጥሩ ላይ። "ውለታ አለብህ ብዬ ነበር፤ ለካ እኔ ላይ ነው ያለው። ና፣ መሰላሉን ውሰድ።"

"መሰላል አልፈልግም።"

"ውሰድ እባክህ!"

በረዶ ሊጥል ሲል ሙሃረም ድንጋይ ጠራቢው በዳቦ ሻጩ በኩል መልእክት ላከ። የእሱ ሥራ አልቋል፣ ድንጋዩ ተጠርቦ ቆሟል ማለት ነው፤ የቻሚልን ክርን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ክርኗ ተሠርታ ካለቀች ቆይታለች፤ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ፣ በደንብ ተወልውላ ታበራለች። ዚባ ባለፈች ባገደመች ቁጥር በጣቷ ትነካታለች፣ ክርኗም ትዞራለች።

"ቻሚል፣ ያ ሰውዬ ጭስ ውስጥ ነው እኮ የተቀመጠው። ምነው ክርኑን ብትወስድለት?"

"እወስድለታለሁ።"

"መቼ? ሲያስል ከድልድዩ ይሰማል ይላሉ። ደግሞ ላንተ የሚሰጥህ ነገር አለ አለ ዳቦ ሻጩ። ምንድን ነው የሚሰጥህ?"

ቻሚል ኮቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ተከፍቷል። ጣቱን አውጥቶ አየሩን ፈተሸ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀበረ።

"ዛሬ ነፋስ ነው፣ ዚባ" አለ።

ነፋስ ከተባለማ ዚባ ሰው ከቤት አታስወጣም። ኮቱን ከእጁ ተቀብላ መልሳ ሰቀለችው።